የሚስተር ሄንሪ ጊታርና የአዳዳ ቢፍቱ ጥያቄ

ልጅ እያለሁ ነቀምት ውስጥ አሜሪካዊ ማለት ነጭ ማለት ነበር። በከተማው ያየናቸው ፈረንጆች ነጭ፣ በመጽሐፋችን የተሳሉት ነጭ። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ሳለን አዲሱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ከአሜሪካ መጣ ተብሎ፣ ጠጉሩ እንደኛ የከረደደ፣ መልኩ ከብዙዎቻችን የጠቆረ ረጅም ሰው ክፍል ሲገባ የደነገጥነው ድንጋጤ ዛሬም ያስቀኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አሜሪካዊውስ?» እያለች በሩን በሩን ታይ ነበር።

ሚስተር ሄንሪ ጊታር ነበረው። አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ የተቆረጠ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ ሰክቶ ክሮቹ ላይ ሲያንሸራትተው፣ ጊታሩ እንደ ሰው ያቃስታል። ይህ ብሉዝ ይባላል አለን። አያቱ በልጅነታቸው ጊታር የሚገዙበት ስላልነበራቸው፣ ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ፈትተው በቤታቸው ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ወጥረው፣ ከሥሩ ጠርሙስ ሸጉጠው ይጫወቱ እንደነበር ነገረን። በሳምንቱ ሰፈራችን ጨለለቂ ውስጥ ሽቦ ያልተወጠረበት ግድግዳ ጠፋ። የእኛ አገር የጭቃ ግድግዳ ግን ምስማር አይዝም፤ ልስኑ እየረገፈ ስንቱ ልጅ ተገረፈ። እኔም አልቀረልኝም።

አባቴ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። ዘፈን ቤታችን አይገባም። ጊታርን የሚያውቀው ግን መዝሙር ሲታጀብበት ስለሆነ፣ ጊታር የያዘ ሰው ሁሉ ዘማሪ ይመስለዋል። «ያን አስተማሪሽን ጥሪው፤ እሁድ እኛ ጋ ይብላ» አለኝ። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ስለነበርኩ አስተርጓሚ ተደረግሁ፤ ያን ቀን ልቤ አብጦ ነበር።

እሁድ አንጮቴው፣ የወለጋው ሥራ ሥር፣ በቅቤ ርሶ ቀረበ። እጅ ያስታጠበችን አዳዳ ቢፍቱ ነበረች። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኛም የአባታችን እህት ናት ብለን ነው ያደግነው። ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እህት ከሆነች ለምን ከእኛ በኋላ ማድቤት ውስጥ ብቻዋን እንደምትበላ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ልጅ ያየውን ሁሉ ደንብ ነው ብሎ ይቀበላል።

ከምሳ በኋላ ሚስተር ሄንሪ ተጫወተ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ መሬቱን እየመታ አዳመጠና «ጠይቂው፤ ይሄ የትኛው መዝሙር ነው?» አለኝ። ሚስተር ሄንሪ ሳቀ። «መዝሙር አይደለም፤ የመዝሙር ወንድም ነው። እኛ ጋ ያው ሰው ቅዳሜ ይህንን፣ እሁድ ያንን ያዜማል» አለ። የቅዳሜዋን ነገር ዘልዬ ወንድምነቷን ብቻ ተረጎምኩ።

አባቴ ዜማው ከየት እንደመጣ ጠየቀ። ሚስተር ሄንሪ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ቀስ ብሎ ነገረን። ጥጥ እርሻ ላይ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ ከሚዜም የሥራ ዜማ ተጀመረ፤ የእርሻው ሰዎች ነፃ ከወጡ በኋላ ልጆቻቸው ያንኑ ዜማ በጊታር ያዙት፤ ሥራ ፍለጋ በባቡር ወደ ትልልቅ ከተሞች ሲሄዱም ይዘውት ሄዱ፤ እዚያ ጫጫታው ቢውጠው በኤሌክትሪክ አጮሁት። «መጀመሪያ ያዜሙት ግን ከአፍሪካ ተሰርቀው የተሸጡ ሰዎች ናቸው። የአያቴ አያት አንዷ ነበረች» አለ።

«የአያቱ አያት ገርባ ነበረች» ብዬ ወደ ኦሮምኛ መለስኩ። ገርባ ባሪያ ማለት ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ነው ቤታችን ውስጥ ሲነገር ሰምቼው እንደማላውቅ የታወቀኝ። ጥግ ቆማ የነበረችው አዳዳ ቢፍቱ ከያዘችው ማንቆርቆሪያ ውሃው መሬት ላይ ይፈስሳል። እንግዳ ፊት ተናግራ የማታውቀው ሴት ሁለት እርምጃ ወደፊት መጣች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠይቂልኝ» አለች። «ያቺ ሴት አገሯ ተመለሰች ወይ?»

አባቴ በአማርኛ «ተዪው» አለኝ። አዳዳ አማርኛ አታውቅም፤ ቤት ውስጥ ወደ አማርኛ የሚዞረው እሷ እንዳትሰማ ሲፈልግ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። አንድም ዘመድ ጠይቋት እንደማያውቅም ትዝ አለኝ። አባቴን እፈራ ነበር። ወደ ሚስተር ሄንሪ ዞሬ በእንግሊዝኛ «አንጮቴው ጣፈጠህ ወይ ትላለች» አልኩት።

እሱም ፊቱ በርቶ ወደ እሷ ዞረና በሚያውቃት አንዲት የኦሮምኛ ቃል «ኤዬ! ኤዬ!» አላት። አዎ፣ አዎ ማለቱ ነው። አዳዳ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ አባቴ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ጠፋች። እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ከዳቡስ ወንዝ ማዶ በልጅነቷ የመጣች ናት፣ የገዛትም እኔ በስሙ የምጠራው አያቴ ነው። እየሮጥኩ ሚስተር ሄንሪ ዘንድ ሄጄ ውሸቴን ነገርኩት፤ ትክክለኛውንም ጥያቄ ጠየቅሁት። «አልተመለሰችም» አለኝ። «ከእነሱ አገሩ የገባ የለም ማለት ይቻላል። መንገዱን ማን ያውቀዋል? ብሉዝ የእነሱ ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቡና መኪና በራችን ላይ አወረዳት። እግሯ አብጦ ነበር፤ በሞቀ ውሃ አጠብኩላት። ወንዙን ተሻግራለች። የመንደሯን ስም ብትጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ፤ ቋንቋዋንም ከጥቂት ቃል በስተቀር ረስታው ልጆች ሳቁባት። አባቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አይቷት ሄደ። እሷ ግን ራሴን እየዳበሰች «የዚያ ሰው የአያቱ አያት የታደለች ናት» አለችኝ። «እሷ መንገዱን አልረሳችውም።» እኔ ውሃውን ልደፋ ወጣሁ።

ያኔ ነቀምት አንድ ጊታር ለመስማት አርብን ትጠብቅ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ የፈለጉትን ብሉዝ ከኪሳቸው አውጥተው ያሰሙኛል፤ ከየት እንደመጣም ከእኔ አሳምረው ያነባሉ። ብሰማው ደስ ይለኛል፤ ግን እስከ መጨረሻው መስማት አልችልም። አዳዳ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች፤ በየቀኑ እውነቱን ልነግራት አስብና፣ ደስታዋን የምነጥቃት እየመሰለኝ እተወው ነበር። እሷ ግን ከተወሰዱት ሁሉ መንገዱ የጠፋብኝ እኔ ብቻ ነኝ ብላ እንዳመነች ሞተች።