የጽጌረዳ ጓጉንቸር

ጽጌረዳ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው መጋዘን ዕቃ የሚያጓጉዘውን ኮንቬየር ከሚጠግኑት አምስት ሠራተኞች አንዷ ናት፤ አምስቱም እሑድ እሑድ የምንገናኝበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። እሑድ በኪቦርድ ታጅቦ የሚያስለቅሰን ድምፅዋ፣ ሰኞ በብሎንና በግሪስ መካከል እንደ ምንጭ ይንቆረቆራል። ታላቃቸው ጋሼ እሸቱ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ፣ ጽጌን ለማግኘት ጆሮ ይበቃል ይላሉ።

የመጋዘኑ ሕግ ግልጽ ነው። ሞተር ከመነካቱ በፊት ኃይሉ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማጥፊያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ ቁልፉንም ራሱ ይይዛል። አንድ ጓጉንቸር እንኳ ሳይነሣ ከቀረ ኃይል አይለቀቅም። አለቃቸው ሊዮን አምስቱ ቀያይ ጓጉንቸሮች እንደ አበባ ተንዠርግገው ሲያይ ልቡ ይረካል። የማያየው የጋሼ እሸቱን ኪስ ነው። ታላቅ ባለበት ታናሽ ቁልፍ ይዞ አይንጎራደድም፤ ሁሉም ቆልፎ ሲያበቃ ቁልፉን በሁለት እጁ ለጋሼ ያስረክባል። እሳቸውም የሰው ሸክም መሸከም ደስ ስለሚላቸው፣ እንዳይጠፋባችሁ ብለው ይቀበላሉ። እንዲህ ያለ መከባበር በየትኛው ዌርሃውስ ይገኛል?

አሮጌው ሞተር ተቃጥሎ አዲሱ የሚተከልበት ቀን ግን ጽጌረዳ የጋሼ መዳፍ ተዘርግቶ እያየች ቁልፏን ኪሷ ከተተች።

«የእኔ እኔው ጋ ይሁን፣ ጋሼ።»

«ምነው ልጄ፣ አላመንሽኝም?»

«አምንዎታለሁ። ግን ጣቶቼን እወዳቸዋለሁ።»

ከአምስቱ አንዱ አምሳሉ፣ ልጅቷ ፈረንጅ ሆነችብን ብሎ አሳቃቸው። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቁልፉን ግን አላወጣችም።

ሞተሩ መሠረቱ ላይ ተቀመጠ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ ሽቦው ታሰረ፣ የመሬት መስመሩም ተያያዘ። የቀረው ከማርሹ ጋር ከመጋጠሙ በፊት ለቅጽበት አስነሥቶ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ መዞሩን ማየት ነበር። ጽጌረዳ ለመጨረሻ ጊዜ ከሞተሩ ጀርባ ተንበርክካ ዘንጉን በእጇ ታዞር ጀመር። ኩሽኔታው ይንኳኳ እንደሆነ ለመስማት ማንጎራጎሯን አቆመች።

ማጥፊያው ጋ የቆሙት ጋሼ እሸቱ ዝምታውን ሰሙ። ጽጌ ምሳ ወጥታለች ማለት ነው። ሞተሩን ሊያስነሡ አንዱን ጓጉንቸር ከፈቱ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛው እምቢ አለ። ሳብ አደረጉት። ይቺ ልጅ ቁልፏን ይዛብን ሄደች ብለው አጉረመረሙ፤ ከምሳ ቤት እንዲጠራትም አምሳሉን ላኩት።

«አቤት ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ» አለች ከሞተሩ ጀርባ። ግሪስ የተቀቡ አሥር ጣቶቿ መጀመሪያ ብቅ አሉ፣ ፊቷ ተከተለ።

ጋሼ እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ውኃ አምጥታ ያጠጣቻቸው እሷው ናት።

እሑድ ጋሼ እሸቱ ለምስክርነት ተነሡ። ጌታ ኃይሉን በእጁ ይዞ ያቺን ብላቴና እንዴት እንዳተረፋት እያለቀሱ ተናገሩ። ጓጉንቸሩን አላነሡትም፤ የአራቱን ቁልፍም እንዲሁ። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ጽጌረዳም አንድ ቃል እንድትል ማይክ ተሰጣት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ሁላችንም ቁልፋችንን ራሳችን እንያዝ።»

የመጀመሪያውን አሜን ያለው አምሳሉ ነበር። ጋሼ እሸቱ እንባቸውን ጠርገው፣ ሁሉም ካለ በኋላ፣ ቀስ ብለው አሜን አሉ።