አይተህ ንገረኝ

የባለቤቴ ካንሰር ወደ ጉበቷ መዛመቱን የሰማነው ለንደን፣ ካምደን ካለው ሆስፒታል ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ወንበሯን ወደ ባለቤቴ አስጠግታ ቀስ ብላ ነገረቻት፤ መዳኛ እንደሌለው፣ ምናልባት ወራት እንደሚቀሯት። ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ባለቤቴ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ባሕር ላይ ሄጄ አላውቅም።»

እዚህ አገር የገባነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ዓመት፣ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን ነው። ዊልስደን ቤት አገኘን። እኔ አውቶቡስ ነጂ ሆንኩ፣ እሷ ኬር ሆም ገባች፣ አረጋውያን ታጥብ፣ ታበላ ነበር። ልጅቷን የሚይዝ ሰው ስላልነበረን እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፤ ለዓመታት በር ላይ ነበር የምንገናኘው። ሽርሽር የሚባል ነገር ትዝ ብሎን አያውቅም። ልጃችን አድጋ ሥራ ይዛ ስለነበር የእናቷን ቃል ስነግራት ማንንም ሳታማክር በካሪቢያን የሚዞር መርከብ ቡክ አደረገችልን።

«ዳዲ፣ ዶክተሯን አስክ አድርጌያታለሁ፤ ፋይን ነው ብላለች» አለችኝ። «ፕሊስ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ደህና ነበረች። በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንባ ባሕሩን ስታይ ትውላለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት መርከቧ ካርታሄና ወደብ ስትደርስ ግን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ በአስጎብኚ ልንዞራት ለሁለታችንም ተመዝግበን ነበር።

«አንተ ሂድ» አለችኝ።

«ትቼሽ የት እሄዳለሁ?»

«ሁለታችንም ይሄን ግድግዳ ስናይ ብንውል ምን ይፈይድልኛል? የመርከቧ ነርስ ብቅ እያለች ታየኛለች። ሂድና አይተህ ንገረኝ።»

ሄድኩ።

ሃያ ያህል ነበርን፤ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ እንግሊዞች። አስጎብኚያችን ጃንጥላ የያዘች ቀጭን ሴት ናት። ከግንቡ ውስጥ ያሉት ጎዳናዎች ጠባብ ናቸው፤ በየሰገነቱ አበባ ተንዠርግጓል። አንድ አደባባይ ላይ አቆመችንና ከአፍሪካ በመርከብ የመጡ ሰዎች የተሸጡት እዚህ ነው አለች። ከቡድናችን ጥቁር እኔ ብቻ ነበርኩ። አብረውኝ ያሉት አየት አደረጉኝና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እኔም የማደርገው ጠፋኝና እርግቦቹን አየሁ።

ከዚያ እረፍት ተባለ። አንዲት ፍራፍሬ ሻጭ ጠጋ ብላ በስፓኒሽ አወራችኝ፤ ያገሯ ሰው መስያታለሁ። ራሴን ስነቀንቅ ከት ብላ ሳቀች። ማንጎ ቆራርጣ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሎሚ ጨምቃ ሰጠችኝ። ግንቡ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ ጭማቂው እስከ ክርኔ ይወርዳል። ከቡድናችን አጠገቤ የተቀመጡት እንግሊዛዊ ሽማግሌም አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። ስለ አንድ ሰካራም ተሳፋሪያቸው አጫወቱኝና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንዲያ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው! የሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ብመጣ፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ ግንብ ላይ ብቀመጥ ብዬ አሰብኩ።

ያሰብኩት ብቻዬን ነበር። በሐሳቤ ውስጥ እሷ የለችም።

የቀረውን ማንጎ አስቀመጥኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከመድኃኒቱ ሽታና ከማቃሰቷ ርቄ ቀሎኝ ነበር። ገና በሕይወት ያለች ሚስቴን እኔ በልቤ ቀብሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ካቴድራል ገብተናል፣ ምሽግም ወጥተናል፤ እግሬ ሰዎቹን ይከተላል እንጂ ዓይኔ ምንም አላየም።

ስመለስ ፀጉሯን አበጥራ፣ ትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

«በል ንገረኝ።»

ስለ ሰማያዊ የቤተ ክርስቲያን በር ነገርኳት፤ በሩ ላይ ሻማ ስለምታበራ አሮጊት፣ ስለ ደወሉ ድምፅ። ሁሉንም የፈጠርኩት ነው።

«ምን በላህ?»

«ምንም። አላሰኘኝም።»

ሸሚዜ ላይ የማንጎው ጭማቂ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። አየችው። ከዚያ ፊቴን አየችውና እጄን ያዘችኝ። ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም።

ለንደን ከተመለስን በኋላ ከሆስፒታል አልወጣችም። ሕመሙ ሲጠናባት ስለዚያች ከተማ አውራኝ ትለኛለች። አንድ ቀን በሩን አረንጓዴ ነው አልኳት።

«ባለፈው ሰማያዊ ነበር ያልከኝ» አለች፤ ከንፈሯ ደርቆ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «ሰማያዊው ይሻላል።»

ስለ ሸሚዙ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ ይቅርታ እለምናት ነበር። በየካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እኔ ውሃ ልቀዳላት ወጣ ባልኩበት ዐረፈች።

ሰዎች «ባሕሩን አሳይተሃታል፤ አንተ እንኳ የሚቆጭህ የለም» እያሉ ያጽናኑኛል። የንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ቆሜ አፌ አልተከፈተልኝም። ልጃችን እሁድ እሁድ ስትሪትሃም ካለው ፍላቷ ምግብ ሠርታ ይዛልኝ ትመጣለች፤ ያቀረበችልኝን እበላለሁ፣ ጣዕሙ አይታወቀኝም። ባለፈው ሳህኖቹን እያነሳች ድንገት ጠየቀችኝ።

«ዳዲ፣ እዚያ ከተማ ስትሄዱ ማሚ ሃፒ ነበረች?»

ከመርከቧ እንዳልወረደች አልነገርናትም ነበር።

«በጣም» አልኳት።

ልጄ እፎይ ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔ ሳህኖቹን ከእጇ ተቀብዬ ማጠብ ጀመርኩ።