ጓሮ የሌለው ቤት

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ዘይት ላስቀይር ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ የተቃጠለውን ዘይት ባልዲ ውስጥ ሲያንቆረቁረው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ልጁ ፊቴን አይቶ "ምነው፣ አመመዎት?" አለኝ። አላመመኝም። ሺሺንዳ ከተማ አጠገብ ያለው ሜዳ ነው የመጣብኝ፤ ምስጥ እንዳይበላቸው የቤት ቋሚዎችን እግር በዚሁ ዘይት እየቀባን ያቆምንበት።

ልንገርህ። ቦንጋ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኮንስትራክሽን ገና የተመረቅኩ ልጅ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ሥራ ሁሉ "ፓኬጅ" ይባል ነበር። ፎርማን አድርጎ የቀጠረኝ ቢሮ ፓኬጅ ክረምት ሳይገባ፣ መሬቱ ሳይናድባቸው፣ ተዳፋቱ ላይ ያሉትን ቤተሰቦች ወደ ሜዳው ማውረድ ነበር። ሜዳው ላይ የሠራንላቸውን ቤቶች እወዳቸው ነበር። መሠረታቸው ድንጋይ፣ ማዕዘናቸው በሰያፍ እንጨት የተወጠረ፣ ጣሪያቸው ከግድግዳው ጋር በሽቦ የታሰረ፣ ከጀርባቸው ጎርፍ የሚያወጣ ቦይ ያላቸው። በቤቱና በቦዩ መካከል ምንም እንዳይተከል ፕላኑ ያዛል። እኔ ደግሞ ያኔ ፕላን የማነበው እንደ ዳዊት ነበር።

መጀመሪያ የወረዱት ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። አንዲት ሴት ልጃቸው ቢታ ገነት ከተማ አግብታ ሄዳለች። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ከአዲሱ ቤታቸው ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር፣ የእንሰት ችግኞች ተደርድረው አገኘሁ። አመድ ተነስንሶላቸዋል። በእኛ አገር እንሰት ቤቱን ታክኮ ነው የሚተከለው፤ የቤቱ አመድና የከብቱ ፍግ ይቀልበዋል። አውቀው ነበር። የከተማ ልጅ እንደሚያውቀው ነበር የማውቀው።

"እማማ፣ እዚህ አይተከልም። የእንሰቱ ቦታ ከመንገዱ ማዶ ተለክቷል" አልኳቸው።

"እንሰት ከቤት አይርቅም። ማዶ ቢተከል ከርከሮ ይበላዋል።"

አብሮኝ የሚሠራው አናጢ መዶሻውን አስቀምጦ፣ "ተያቸው ፎርማን፤ ሥሩ አፈር ይይዛል እንጂ አይንድም" አለኝ። የቀን ሠራተኞቹን ንቀሉ ብላቸው እንዳልሰሙ ሆኑ። ስለዚህ እኔው ነቀልኳቸው። አፈሩ እርጥብ ስለነበር አላስቸገሩኝም። ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

"ቤቱ ጠንካራ ነው" አሉ። "እዚህ ምን ይበላል?"

ባልቴቷ በሦስተኛው ቀን ተዳፋቱ ላይ ወዳለው ቤታቸው ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ወጥቼ ለመንኳቸው። ጭቃው ላይ እንዳልቀመጥ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አነጠፉልኝ። ከቤታቸው በላይ ያለው መሬት ተሰንጥቆ ነበር፤ እጄ ይገባ ነበር። "ክረምት ይውጣ፣ እወርዳለሁ" አሉኝ። "ይውረዱ፣ እንሰትዎንም ይትከሉ" ማለት አፌ ላይ ነበር። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ኢንጂነሩ ቤቶቹ እንደ ፕላኑ መሠራታቸውን አይቶ ሊረከብ ይመጣል። አላልኩም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ብዙ የጭነት መኪና ባንዴ የሚራገፍ የሚመስል ድምፅ ሰማን። ተዳፋቱ ተንዶ ነበር፤ እስከ ቀትር ቆፈርን። ባልቴቷን ያገኛቸው አናጢው ነው። እኔ አካፋዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ያስጨነቀኝ ጫማዬ ውስጥ የገባው ውሃ ነበር። ከዚያ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ ስልክ ደወለ። "ከሠራናቸው ቤቶች የተጎዳ አለ?"

"የለም።"

"ጎበዝ" አለኝ። እውነቴን ነበር፤ አንድም ቤት አልተሰነጠቀም።

ለቅሶው ላይ ልጃቸው ስታየኝ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። "ፎርማኗ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። "እናቴ፣ ጥሩ ቤት ሠራችልኝ ብላ ልካብኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥሽ።" ችግኞቹን እኔ እንደነቀልኳቸው እናቷ አልነገሯትም። አናጢው ጥግ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው "እግዚአብሔር ያጥናሽ" ነው።

ቆጮ በሳህን አቀረበችልኝ። "የእሷው እንሰት ነው፤ ጎረቤት ጋ አስቀምጣው የተረፈ" አለችኝ።

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ "ጨምሪ፣ ብዪ እንጂ" እያለችኝ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን በላሁ።