በጥርስ የተበጠሰው ማተብ

ልብስ ሰፊው ክሩን በጥርሱ ቀጭ ሲያደርገው፣ እጄ ሳላውቀው ወደ አንገቴ ሄደ።

ማተቤ የተበጠሰ ጊዜ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እዚሁ ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ፣ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ትምህርት በጀመርኩበት ጠዋት፣ ክርስቲያን መሆኔ እንዳይታወቅ፣ ሻሼን ገልጣ፣ ክርስትና ስነሣ የታሰረልኝን ማተብ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ማተቡን የዩኒፎርሜ የታችኛው እጥፋት ውስጥ ከትታ ትሰፋው ጀመር።

«እማዬ፣ ካድን ማለት ነው?»

«ዝም በይ!»

«እግዚአብሔር አሁን በምን ያውቀኛል?»

መርፌው ጣቷን ወጋት። «በክር የሚያውቅሽ ከሆነ እኔም አላውቀውም!» አለች። ወዲያው ከአፏ በወጣው ነገር ደንግጣ ሦስት ጊዜ አማተበች። ያስደነገጣት መበጠሷ ይሁን መናገሯ አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም። ያን ቀን ግን ክፍል ውስጥ እጥፋቱን ጨብጬ ዋልኩ።

አሁን ልብስ ሰፊው የልጄን አዲስ ዩኒፎርም አሳጥሮ ሊጨርስ ነው።

«እጥፋቱን ትንሽ ክፍት ተውልኝ፣ ቤት እጨርሰዋለሁ» አልኩት በሶማልኛ።

አጠገቤ የቆመችው ልጄ ማተቧን በሁለት እጆቿ ሸፍና፣ ቀና ብላ ታየኛለች።