የኩማሲው አውቶቡስ ሁለት ሰዓት

ምንዳዬ ጥቁሩን ቀሚስ አልጋው ላይ ትዘረጋለች፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ ታጥፍና ከጫፉ ጀምራ ትጠቀልለዋለች። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷን ፕላስቲክ ውስጥ ትከትና ከእጅ ቦርሳዋ ኪስ ጋር በመርፌ ቁልፍ ታያይዘዋለች፤ ሻንጣው ቢጠፋ እንኳ ካርዱ እንዳይጠፋ። ያለሱ ጋና አያስገቡም። ክትባቱንም ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ወስዳለች፤ አሥር ቀን ካልሞላው አይቆጠርም። ከዚያ እስክሪብቶ ታነሳና ደብተሯ ላይ «ዓርብ፣ አውቶቡስ፣ 2 ሰዓት» ብላ ትጽፋለች። ትሰርዘዋለች። «8» ትላለች። እሱንም ትሰርዘዋለች።

ምንዳዬ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። አምስት ዓመት ሙሉ ያጠበቻቸውና ያበላቻቸው ጋናዊው አባባ ኦፎሪ ባለፈው ወር አረፉ። አስከሬናቸው ወደ ጋና ተልኳል፤ ቅዳሜ ጠዋት ኩማሲ ከተማ ይቀበራሉ። «አንቺ ሳትኖሪ አፈር እንዳያለብሱኝ» ሲሏት «እሺ» ብላለች። ሐሙስ አክራ ትገባለች። ከዚያ ወደ ኩማሲ የሚወስዳት የዓርቡ አውቶቡስ ካመለጣት ቀብሩም አመለጣት ማለት ነው።

ሰዓቱን የነገረቻት አዲስ አበባ ያለችው የድሮ ጎረቤቷ ሶሬቲ ናት፤ ጨርቅ ልትገዛ ጋና ሁለቴ ተመላልሳለች። በድምፅ መልእክት «ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፣ እንዳትሳሳቺ» አለቻት። ምንዳዬ አልተሳሳተችም፤ አልገባትም እንጂ። ደወለችላት።

«ሶሬቲዬ፣ ሁለት ሰዓት ያልሽኝ በእኛ ነው በእነሱ?»

«በእነማን?»

«በጋናዎቹ! በእኛ ከሆነ ጠዋት ነው፣ በእነሱ ከሆነ ከምሳ በኋላ።»

«የእጅ ሰዓቴን አይቼ ነዋ የነገርኩሽ።»

«ጋና ስትገቢ አስተካክለሽው ነበር?»

«ማን ያስታውሳል?»

«ፀሐይ ወጥታ ነበር?»

«አንቺ ደግሞ! አውቶቡሱ ውስጥ እንቅልፌን ለጥጬ ነው የሄድኩት። አሜሪካ ሄደሽ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

እንግዲህ አንዱ ሁለት ሰዓት ሦስት ሆነ። በእኛ ከሆነ፣ በፈረንጅ ጠዋት ስምንት። በጋናዎቹ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት። የሶሬቲ ሰዓት ሳይስተካከል ቀርቶ ከሆነ ደግሞ፣ ጋና ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ገና ሳይነጋ በፈረንጅ አምስት።

«ማሚ፣ ለምን መናኸሪያውን ኮል አታደርጊም?» አለች ልጇ ሶሊያና፣ ከሶፋው ሳትነሳ። ቁጥሩን ፈልጋ ራሷ ደወለች፤ አዳመጠችና ዘጋችው።

«ሲሞላ ነው የሚነሳው አሉ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ይሞላል?»

«ሰው ሲመጣ ነዋ፣ ማሚ!»

ምንዳዬ ሳቀች፤ ሲሞላ የሚነሳ ታክሲ ስትሳፈር ነው ያደገችው። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። ሳይነጋ ቢሞላስ? እስከ ማታ ባይሞላስ?

ለጊዜው ሳይነጋ ሄዳ ለመጠበቅ አስባለች። ለመንገድ ውሃና ዳቦ፣ ለቲኬት ዝርዝር የጋና ገንዘብ ትይዛለች፤ ትልልቁን ኖት ማን ይመነዝርላታል? ደብተሯ ላይ ግን ያልተሰረዘ ቁጥር የለም። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት፦

«በዚያ መንገድ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሞላ ንገሩኝ። ግን እባካችሁ፣ ጠዋት ወይ ከሰዓት ብላችሁ ጨርሱት፤ ‹ሁለት ሰዓት› ብቻ ብላችሁ ስልኩን እንዳትዘጉብኝ።»