ጋሼ የተንጠለጠሉበት መጥረቢያ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ የምላቸው አጎቴ ብሎን አያምኑም ነበር። የበረዶ ገደል የምወጣባቸውን ሁለት አሮጌ መጥረቢያዎች የእጅ አንጓ ማሰሪያ ፈትቼ፣ በምትኩ እጄ እንዳይንሸራተት እጀታቸው ግርጌ መደገፊያ ብረት በብሎን ገጠምኩ። ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እሳቸው እስከሚኖሩበት አሌክሳንድሪያ፣ ጋራዣቸው ድረስ ወስጄ አሳየኋቸው።

«ማን ነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ቼክ አድርጌዋለሁ።»

«እስቲ እናያለን» ብለው አንዱን ከጣሪያው ብረት ላይ ሰክተው ተንጠለጠሉበት። ገደል መውጣቱን ሊያስተዉኝ ነው ብዬ ጠረጠርኳቸው። ወዲያው መደገፊያው ተነቀለና ሲሚንቶው ላይ በጀርባቸው ወደቁ።

ላነሳቸው ስሮጥ፣ «እኔ ከዚህ ብወድቅ ይሻላል» አሉኝ። ተነስተውም ወፍራም ብሎን ፈልገው ራሳቸው አሰሩልኝ።

ከዚያ ወዲህ በየዊንተሩ፣ ከመሄዴ በፊት እየተንጠለጠሉ ይፈትኑልኝ ነበር። ዘንድሮ የሚጠራጠርልኝ ስለሌለ ወደ በረዶው አልሄድኩም።