የሐሙስ ልጆች በር

ኢቫድኒ ሆሊገንን የማያውቅ ሰው እኔን ክላሪስ ቤይንን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ኢቫድኒ ዓሣ ሻጭ ነበረች፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ዓሣ ሸጫለሁና ስለ እሷ ማንም መጥቶ እንዲያስረዳኝ አልፈልግም። በራሪ ዓሣ የሞላውን ትሪ በአናቷ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ድምፅዋ ቀድሟት ይደርስ ነበር። በዋጋ የሚከራከራትን ሰው፣ ባሕሩ እዚያ ነው፣ ሄደህ ራስህ አጥምድ ትለዋለች። ሰውዬውም ይስቅና ይገዛታል። ሐሙስ መጠመቋንም አፏን ሞልታ የምትናገር ከመንደሩ እሷ ብቻ ነበረች።

የሐሙሱን ነገር ለማያውቅ ልንገር። በቅዱስ ኦስዋልድ ቤተ ክርስቲያናችን የሕጋዊ ባልና ሚስት ልጅ የሚጠመቀው እሑድ ነው። ትልቁ በር ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ደወል ይደወላል፣ ሕዝቡ ይዘምራል። ያለ ጋብቻ የተወለደ ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በመቃብሩ በኩል ባለችው ትንሽ በር ይገባል። ደወል የለ፣ መዝሙር የለ። ቄሱ ውሃውን ጠብ ጠብ ያደርግና ይሄዳል፤ እናትየዋም ሕፃኑን ሸፋፍና በሸንኮራ አገዳው ውስጥ ለውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን ወግ ወደ ደሴታችን ያመጡብን እንግሊዞቹ ናቸው። ባሪያ አያገባም ብለው የከለከሉት እነሱ፣ አላገባችሁም ብለው የሚያዋርዱንም እነሱ። ወይ ግሩም!

ቤተ ክርስቲያኑንስ ማን ሠራው? በባርነቱ ዘመን የኢቫድኒ ቅድመ አያት ፊባ ድንጋዩን ከባሕሩ ዳር በአናቷ ተሸክማ ዳገቱን አውጥታለች። ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ግንቡን ሲጥለው ደግማ ተሸክማለች። ሥራው ሲያልቅ ፊባና መሰሎቿ ሰገነት ላይ ውጡ ተባሉ፤ ታች ያለው መቀመጫ የእርሻ ጌቶች ነበር፣ ስማቸው በነሐስ ተቀርጾበት። ነጻነት ታወጀ፣ ጌቶቹ ተፈራረቁ፣ እኛ ግን እዚያው ሰገነታችን ላይ ቀረን።

የኢቫድኒ እናት ሐሙስ ተጠመቀች፤ ኢቫድኒም ሐሙስ፤ ልጇ ኢርሚንም እንዲሁ። ያቺ ትንሽ በር አጭር ናትና ኢቫድኒ በወጣትነቷ ኢርሚንን ታቅፋ ስትገባ ጎንበስ ማለት ነበረባት። ያቺ መጎንበስ እስከ ዛሬ ወገቤን ታመኛለች ትለኝ ነበር።

ትልቁ ጦርነት ካበቃ በኋላ ኢርሚን ሴት ልጅ ወለደች። አባትየው ነዳጅ ማጣሪያ ልሥራ ብሎ ኩራሳው የሚባል ደሴት ሄዶ በዚያው የውሃ ሽታ ሆነ። ኢቫድኒ የልጅ ልጇን ተቀብላ ዓይን ዓይኗን አየቻትና፣ ይቺ አትጎነበስም አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኢቫድኒ ሞኝ አልነበረችም እንጂ አለመልቀቁንስ ታውቅበታለች።

የዓሣ ሽታዋን በሎሚ አጥባ ቄስ ፔምበርተን ዘንድ ሄደች። ከእንግሊዝ የመጣ ልጅ እግር ቄስ ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ። የሰበካውን ሹም ልጠይቅ አላት። ሹሙ የእርሻው ጌታ ሚስተር ሎክስሊ ነው፤ ምን እንደሚል ማን ያጣዋል? በሳምንቱ ቄሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መልሱን ነገራት።

"ሐሙስ ይሁን፣ ሚስ ሆሊገን። እግዚአብሔር ዘንድ ቀን ሁሉ አንድ ነው።"

"ቀን ሁሉ አንድ ከሆነማ እሑድ ያድርጉልኝ፣ አባታችን" አለችው።

ያን ሰሞን ሕፃናትን የሚፈጅ ትኩሳት መንደራችን ገብቶ ነበር። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ደግሞ ከአጥሩ ውጪ፣ ፍየል በሚግጥበት ሜዳ ነው የሚቀበረው። ኢርሚን ሌት ተቀን አለቀሰች። እኔም አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን ዓሣ እየሰነጠቅን ሳለ ተቆጣኋት። ልጅቷ እንዲሁ ብትሞትብሽ በምን ዓይንሽ ኢርሚንን ልታያት ነው አልኳት። እልህሽን አሞራ ይብላው ብዬም ሰድቤያታለሁ። ቢላዋዋን ትሪው ላይ አኖረች። 

"እኔ የማልፈራ መስሎሻል?" አለችኝ። "ሐሙስ ባስጠምቃት ግን ነገ እሷም የልጇን ልጅ ይዛ እዚያች በር ላይ ትጎነበሳለች። አልችልም፣ እቴ። አልችልም።"

በማግስቱ እሑድ፣ እኛ ሰገነቱ ላይ፣ እነሱ ታች ሆነን ስንዘምር ኢቫድኒ ሕፃኗን ነጭ አልብሳ በትልቁ በር ገባች። ኢርሚን ከኋላዋ ነበረች። የድንጋዩ የጥምቀት ገንዳ እዚያው በሩ አጠገብ ነው፤ ሄዳ ፊቱ ቆመች። መዝሙሩ ተቋረጠ። ቄሱ መጽሐፉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሚስተር ሎክስሊ ከፊተኛው መቀመጫ ተነሣ። ያን ቁመቱን ይዞ ቀስ ብሎ ዞረ።

"የሐሙስ ሰዎች በራቸውን ያውቁታል" አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሰውዬው የተማመነው በእፍረታችን ነበር፤ ደግሞም እውነቱን ነው፣ እናፍር ነበር። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ሐሙስ ደብቀን፣ ባርኔጣችንን ደፍተን፣ የእሑድ ሰው መስለን ነበር የምንቀመጠው። ኢቫድኒ ግን ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ አየችን።

"ሰማችሁት? በራችንን እናውቃለን። የሐሙስ የሆነ ሰው ከእኔ ጋር ይውጣ፣ በገባሁበት በር" አለች።

ማንም አልተነቃነቀም። እኔም ሌላውም የመዝሙር መጽሐፋችን ላይ አቀረቀርን። ኢቫድኒ ሕፃኗን ታቅፋ ብቻዋን ቆማለች። 

ያኔ ታች ከምሰሶው ሥር ሚስ ኦታሊ ስኪት ተነሣች። ሚስ ኦታሊ ጡረታ የወጣች አስተማሪያችን ናት። የእናቶች ማኅበር ሰብሳቢም ናት፤ ማኅበሩ ያላገባች እናት አያስገባም። ከጥቁሮቹ ታች የምትቀመጠውም እሷ ብቻ ነበረች። ነጭ ጓንቷን አንድ በአንድ አወለቀችና መቀመጫው ላይ አኖረችው።

"እኔም ሐሙስ ነኝ" አለች። "እናቴ ከተማ ወስዳ ነው ያስጠመቀችኝ፣ እዚህ ማንም እንዳያውቅ።"

ወጣች። በትልቁ በር። ከዚያ በኋላማ የሰገነቱ ደረጃ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ ባርኔጣዬን ረስቼ ወረድኩ፤ ዘማሪዎቹ ከነልብሳቸው ወረዱ፤ ደወል ደዋዩ ጆሳያ ወረደ። ሚስተር ሎክስሊ ሚስቱን ኦርጋኑን ምቺ አላት፤ ኮቴያችንን ሊሸፍን። መታች። ወናፉን የሚነፋላት ግን ጎልቦርን ነው፣ ጎልቦርንም ሐሙስ ነው። ወናፉን ትቶ ሲወጣ ኦርጋኑ እንደታረደ በግ አቃሰተና ዝም አለ።

ውጪ፣ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር የነበረው ነገር አይነገርም። የሚያለቅስ አለ፣ የሚስቅ አለ። አንተም? አንቺም? የጎልቦርን ሚስት ባሏን፣ ስታገባኝ የእሑድ ነኝ አላልከኝም ወይ ብላ ደረቱን ትደልቀዋለች። አንቺስ ሲላት ጊዜ ሳቋ አፈናት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀና ብዬ የቆምኩ አይመስለኝም።

ቄሱ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ብቅ አለ። ውስጥ የቀሩለት ያቺ የጌቶቹ እፍኝ ብቻ ነበረች።

"ግቡ፣ እባካችሁ። ውሃው ተዘጋጅቷል" አለ።

"በየትኛው በር፣ አባታችን?" አለች ኢቫድኒ።

"በዚህ።"

"ደወሉስ?"

ቄሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጆሳያ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ በትልቁ በር ተጋፍተን ስንገባ ሚስተር ሎክስሊ ሊወጣ ፈለገ፤ በየት በኩል? በሩን ሞልተነዋል። ባርኔጣውን አነሣና በመቃብሩ በኩል ወዳለችው ትንሽ በር ሄደ። ረጅም ሰው ነበር። ጎንበስ አለ።

ሕፃኗ ኦታሊ ተባለች። ውሃው ሲነካት የጮኸችው ጩኸት ከአያቷ የወረሰችው ነበር። ኢቫድኒ ደወሉን እየሰማች እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ ወዲህ በቅዱስ ኦስዋልድ ሐሙስ የተጠመቀ ልጅ የለም። ኢቫድኒ ግን ሐሙስን አልተወችውም። አርጅታ አልጋ ላይ ስትውል እኔንና የልጅ ልጇን ኦታሊን ጠርታ፣ ስሞት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቅበሩኝ ብላ አስማለችን። አዲሱ ቄሳችን የእኛው ልጅ ነው፤ ለሰው እንዲመች ቅዳሜ ቢሆን ምናለ አለ። ኦታሊ እምቢ አለችው። እኔ ደግሞ የማይሆን ነገር ተናገርኩት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሬሳዋን በትልቁ በር አስገብተን፣ ደወሉን ጆሯችን እስኪደነቁር እያስደወልን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀበርናት።